በሁዳዴ የሄደ ድምፅ

አባቴ ጎንደር ከተማ በአንድ ደብር የዜማ መምህር ነው። ካቻምና በዐቢይ ጾም ድምፁ ሰለለ። ማንም አልደነገጠም። በዜማ ቤት ሁዳዴን ሙሉ ሲያዜም የከረመ መምህር ድምፁ ቢዘጋ የትጋቱ ምልክት ነው፤ እንዲያውም ድምፁ እንደጠራ ጾሙን የጨረሰ ይታማል። ተማሪዎቹ፣ የኔታ ድምፃቸውን ለፋሲካ ቆጥበውት ነው እያሉ ይሳሳቁ ነበር። እናቴ ተልባ በማር ታቀርብለታለች።

ፋሲካ አለፈ፤ ድምፁ አልተመለሰም። ክረምት ሲገባ ምራቁን በዋጠ ቁጥር ፊቱ ይጨማደድ ጀመር። ጋቢውን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ፣ ብርድ ነው ይላል።

እኔ ጋዜጠኛ ነኝ። ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ የድምፅ መዘጋት መመርመር እንዳለበት በራሴ እጅ ጽፌያለሁ። ለጤና ዘገባ አምባ ጊዮርጊስ ድረስ ሄጄ የማላውቃቸውን ገበሬዎች ማሳል ከጀመሩ ስንት ሳምንት እንደሆናቸው ጠይቄያለሁ። አባቴን አልጠየቅሁም። እኔም የዜማ ቤት ልጅ ነኝ።

ሐኪም ቤት የወሰድኩት ከፍልሰታ በኋላ ነው። ሐኪሟ በአፍንጫው ቀጭን ካሜራ አስገብታ አየች፤ ማንቁርቱ ቆስሏል። መቼ እንደጀመረው ጠየቀችው። በሹክሹክታ፣ በሁዳዴ አላት።

«አባባ፣ ምነው ይህን ያህል ቆዩ?» አለችው ሐኪሟ።

«የጾም ድምፅ በፋሲካ ይመለሳል ብዬ።»

ምርመራው የሳንባ ነቀርሳ መሆኑን አሳየ፤ ከሳንባው ተነሥቶ ማንቁርቱን አቁስሎታል። ተማሪዎቹም እንዲመረመሩ ታዘዘ። በሽታው ወደ እነርሱ እንዳልተላለፈ እስኪነገረው ድረስ አባቴ እህል በቅጡ አልበላም። መድኃኒቱን አንድ ቀን ሳያጓድል ስድስት ወር ዋጠ። ነቀርሳው ዳነ። ቁስሉ ግን ሲሽር ጠባሳ ጥሎ ነበርና ድምፁ ሹክሹክታ ሆኖ ቀረ።

አሁንም ያስተምራል። ተማሪው ያዜማል፣ እርሱ ያዳምጣል፤ ተማሪው ሲሳሳት በመቋሚያው መሬቱን ይመታል። ባለፈው ሳምንት አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። አባቴ መሬቱን መታ። ተማሪው ከመነሻው አዜመ። እንደገና መታ። ለሦስተኛ ጊዜም መታ።

«የኔታ፣ እንዴት ልበለው?»

አባቴ አፉን ከፈተ። የአንገቱ ጅማቶች ተነሡ፤ አየር ብቻ ወጣ። ተማሪው አንገቱን ጉልበቱ ላይ በተዘረጋው መጽሐፍ ላይ ደፍቶ ጠበቀ። አባቴ መቋሚያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈና የተማሪውን መጽሐፍ ቀስ ብሎ ዘጋው።