ላጋ የያዘው ሰው

ልጅ ሳለሁ፣ የጎባ ብርድ ሲበረታ፣ ከራት በኋላ የምንሰበሰበው የአባቴ አክስት እማማ የሺ ቤት ነበር። የጥድ ጭስ ዓይናችንን ያስነባዋል፤ ጋዝ እንዲቆጥብ ዝቅ የተደረገው ኩራዝ የፊታቸውን አንድ ጎን ብቻ ያሳየናል። ተረት ያውቁ ነበር፤ እኛ ግን በራሳቸው ላይ የደረሰውን እንዲነግሩን ነበር የምንለምናቸው።

ነገሩ ሲደርስባቸው ከሸዋ የመጡ አዲስ ሙሽራ ነበሩ። ባላቸው አየለ አገሩን ካቀናው ጦር ጋር መጥቶ ጎባ አጠገብ መሬት ተሰጥቶታል። መሬቱ ግን ባዶ አልነበረም፤ ጎረቤታቸው ገመቹ ከብቱን ያሰማራበት የነበረ ነው። እማማ የሺ ይህን ስለሚያውቁ ገመቹን ባዩ ቁጥር ይፈሩት ነበር።

አንድ ክረምት አየለ የቤት ምሰሶ ሊቆርጥ ወደ ሃረና ጫካ ወርዶ በተባለው ቀን ሳይመለስ ቀረ። ዝናቡም አላባራ አለ። አንድ ከሰዓት በኋላ ገመቹ ልብሱ ውሃ እያንጠባጠበ፣ እያለከለከ ደጃቸው ቆመ። አማርኛው ገና ጥቂት ነበር።

«አየለ ተያዘ» አላቸው።

«ማን ያዘው?»

«ላጋ ያዘው።»

ዛሬ ሮቤም ሆነ ጎባ ያደገ ልጅ ሁሉ ላጋ ወንዝ መሆኑን ያውቃል። እማማ የሺ ግን ያኔ ቃሉን ሰምተውት ስለማያውቁ ላጋ የሚባል ሽፍታ መሰላቸው። ሰውን በሽታም ይይዘዋል፣ እንቅልፍም ይይዘዋል፤ እሳቸው ግን የያዙትን መሬት አስበው በቀል ብቻ ታያቸው። ጮኹ። የሰፈሩ ወታደሮች ጠመንጃቸውን አንግተው ወጡ፤ አለቃቸውም ምንም ሳይጠይቅ «ያዙት!» አለ። ገመቹ የኋሊት ታሰረ። «ላጋ! ላጋ!» እያለ በአገጩ ቁልቁል ሲያመለክት፣ ወታደሮቹ ግብረ አበሩን የሚጠራ መሰላቸውና ወርደው ቁልቁል ያለውን መንደር ሊያቃጥሉ ተነሡ።

እማማ የሺ ያን ጊዜ ገመቹን አዩት። በብርድ እየተንቀጠቀጠ የሚያየው እሳቸውን ብቻ ነበር። ቀረብ ብለው፣

«አየለ ሞቷል?» አሉት።

«አልሞተም! ይበላል፣ ይተኛል። እህቴ ቤት፣ ማዶ። ከዚያ ጮኸች፣ ሰማሁ። ዝናብ ያዘ፣ ላጋ ያዘ፣ እህቴም "አትሻገርም" ብላ ያዘች።»

«ላጋ… ውሃ ነው?»

«ውሃ! ውሃ! ትልቅ ውሃ!»

ጭቃው ላይ ተቀመጡ። እያለቀሱ ሳቁ፤ ከዚያ ተነሥተው ወታደሮቹን አስቆሙ፤ የገመቹን ገመድ የፈቱለትም ራሳቸው ናቸው። ወንዙ ሲጎድል አየለ ምሰሶውን በበቅሎ አስጎትቶ፣ ፊቱ ወዝቶ በደህና ገባ።

እዚህ ላይ ሲደርሱ መጨረሻውን በቃላችን ብናውቀውም ሁላችንም እፎይ እንል ነበር። አንድ ጊዜ «ገመቹ አልተቀየመም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ፍሙን ቆሰቆሱ።

«ተቀይሟል እንጂ» አሉኝ። «ክረምቱ እስኪወጣ ደጄን አልረገጠም። ይቅርታ ማለትን በሱ ቋንቋ ተምሬ፣ ሄጄ ለመንኩት።»

እኔም አድጌ የልጆች እናት ሆንኩ። ካሰብኩት ሰዓት የዘገየ ሰው «ተይዞ ነው» ሲባል ዛሬም ልቤ ድንግጥ ይላል። ግን ከመጮኼ በፊት «በምን?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ነው፣ መንገድ ነው፣ ወይም «ዝናቡ እስኪያባራ ራት ብላ» ያለ ደግ ሰው ነው።