መከታ የተሻገረው ወንዝ

የልጅ ልጄ ለቡችላዋ ማሰሪያ ገዝታ መጣችና እንዳየው ሰጠችኝ። ከአዲስ ቆዳ የተሠራ፣ ጠርዙ በክር የተሰፋ ቆንጆ ማሰሪያ ነው። እኔ ደግሞ የተሰጠኝን ዕቃ ሁሉ ሳላሸት አላልፍም፤ በአስተማሪነት ዘመኔ አዲስ መጽሐፍ ሲመጣ እንኳ ከማንበቤ በፊት አሸተው ስለነበር ተማሪዎቼ ይስቁብኝ ነበር። ማሰሪያውን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ቆዳና ስብ ሸተተኝ። ልጅቷ “እቴቴ፣ ምን ሆንሽ?” እስክትለኝ ድረስ እንባዬ መውረዱን አላወቅሁም።

አሁን የምኖረው ደብረ ብርሃን ይሁን እንጂ ተወልጄ ያደግሁት መንዝ ውስጥ፣ ከጓሳ ተራራ ግርጌ ካለች መንደር ነው። ዘመኑ የንጉሡ ነበር፤ ሐኪም ቤት የሚባለውን በወሬ እንጂ በዓይናችን ያላየንበት፣ እንኳን ለውሻ ለሰውም መርፌ ብርቅ የነበረበት ጊዜ። በአባቴ ግቢ፣ ከቤታችን በስተጀርባ፣ የአባቴ ታላቅ እኅት ይኖሩ ነበር። ስማቸው አስካለ ነው፤ አባቴ “እታለም” ስለሚላቸው እኛም ልጆቹ አክስት ማለቱን ትተን እታለም እንላቸው ነበር። ባላቸው ሞተው፣ አንዲት ልጃቸው ከወንዝ ማዶ ተድራ፣ ከጎናቸው የቀሩት መከታ የሚባል ውሻና ውሪት የምትባል ድመት ብቻ ነበሩ።

በእኛ አገር ውሻ በጎቹን ከጅብና ከቀበሮ ይጠብቃል፣ የተረፈውን ይበላል፣ ደጅ ያድራል፤ በእጅ አይነካም። እታለም ግን መንካት ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! ፀሐይ ብቅ ስትል ደጃፋቸው ካለው ድንጋይ ላይ ይቀመጡና የመከታን ራስ ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው ከጆሮው ሥር መዥገር ይለቅማሉ፤ እያንዳንዷን ፍም ላይ ሲጥሏት ጧ ስትል “እሰይ!” ይላሉ። ቁንጫ ሲበዛበት በእንዶድ ያጥቡታል፤ የሚተኛበትን የጓሳ ሣር ገና እርጥበት ሳይገባው ይለውጡለታል፤ እሾህ ሲወጋው በወረንጦ አውጥተው በጨው ውኃ ያጥቡለታል። ውሪት ብርዱን ሸሽታ ምድጃው አመድ ውስጥ ስትተኛ ጎኗ ይለበለብ ነበርና እታለም ቅቤ ይቀቧታል፤ እናቴ “ለሰው ጸጉር የጠፋውን ቅቤ!” እያለች በሆዷ ታጉረመርማለች። ጎረቤቶቻችን ደግሞ “አስካለ ውሻ ባጠበችበት እጅ ዳቦ ትጋግራለች” እያሉ ያሟቸዋል፤ የሚያሟቸው ግን ዳቦውን በልተው ከጨረሱ በኋላ ነው።

በጾም ቀን እንኳ ለሁለቱ ወተት ያስቀምጡ ነበር። ይህን የሰሙት ቄስ ሲቆጧቸው “አባቴ፣ እነሱ የንስሐ አባት የላቸውም፤ ማን ያስጾማቸዋል?” ብለው መልሰዋል ይባላል። ሰው ተገድሎ ደሙን የሚመልስለት ሲጠፋ “ደመ ከልብ ሆነ” ሲባል ከሰሙ ፊታቸው ይለዋወጥ ነበር። የውሻ ደም ጠያቂ የለውም ማለታችሁ ነው? ይሉ ነበር።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ ጉሙ ቀኑን ሙሉ ሳይገለጥ በሚውልበት ሰሞን፣ ከጓሳ በኩል ባለቤቱ የማይታወቅ ውሻ ወረደ። ጅራቱን በእግሮቹ መሐል ሸጉጦ፣ ለሀጩን እያዝረበረበ፣ ያገኘውን ሁሉ እየነከሰ መንደራችንን አቋርጦ ሲሄድ ሰዎች ተከትለው በድንጋይ ገደሉት። ነገር ግን መከታ በጎቹን ሲከላከል ከእሱ ጋር ተያይዞ ነበርና ሲለያዩ ግራ ጆሮው ደምቶ ተገኘ።

የመንደሩ ሕግ የታወቀ ነው፤ እብድ ውሻ የነከሰው ውሻ አያድርም። የተነከሱት ሌሎች ውሾች ዕለቱን ተገደሉ። የአካባቢያችን ሹም የነበሩት ጭቃ ሹም፣ ደግ ሽማግሌ ናቸው፣ ጠመንጃቸውን አንግተው ወደ እኛ ግቢ ሲመጡ እታለም ከመከታ ፊት ቆመው ጠበቋቸው። “ጌታዬ፣ ለሰው የሚሰጠው መድኃኒት ለእሱም ይሰጥልኝ። መድኃኒቱ እምቢ ካለ ያን ጊዜ የፈቀዱትን ያድርጉ” አሉ። ጭቃ ሹሙ ብዙ ካመነቱ በኋላ፣ እንዳይፈታ ታስሮ ይቀመጥ ብለው ተመለሱ።

የእብድ ውሻ መድኃኒት የሚያውቁት መሪጌታ ወደ ቀየት በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር የሚኖሩት። ለውሻ መድኃኒት ስጡ ሲባሉ ተቆጡ። እታለም ግን ለክረምቱ ብለው ራሳቸው የፈተሉትን አዲስ የበግ ጠጉር ባና ትከሻቸው ላይ ጣል ቢያደርጉላቸው ቁጣቸው ረገበ፤ የመንዝ ብርድ ብዙ ሰው ያለዝባል። ሥሩን ቀጥቅጠው ሰጧቸውና ሕጉን ነገሯቸው። መድኃኒቱን የጠጣ፣ ሰውም ይሁን እንስሳ፣ አርባ ቀን እስኪሞላው ወንዝ መሻገር የለበትም። ከተሻገረ መድኃኒቱ ይሻራል፤ በሽታውም ይነሣል።

ከዚያ በኋላ በግቢያችን የነበረው ሐሳብ ሁሉ መከታን ወንዝ አለማሻገር ሆነ። መጀመሪያ የታሰረበት የቃጫ ገመድ እየሳሳ ሲሄድ አባቴ እጅግ የሚሳሳለትን መጫኛ አውጥቶ አሰረው። ከበሬ ቆዳ የተገመደ፣ ዝናብ እንዳያደርቀው ክረምት በመጣ ቁጥር ሞራ የሚቀባው፣ ለጎረቤት እንኳ የማያውሰው መጫኛ ነበር። “ይህን በቅሎም አትበጥሰው” አለ። እታለም እጁን ሳሙት። በዚያን ጊዜ ፍልሰታ ገብቶ ነበርና በመንደሩ ውስጥ ሥጋ የሚባል፣ አጥንት የሚባል አልነበረም። በጾሙ ወራት በሞራ የራሰ ቆዳ ለውሻ አንገት ማሰር ምን ማለት እንደሆነ ከመካከላችን ያሰበ ሰው አልነበረም። አባቴ ያሰበው ጥንካሬውን ብቻ ነው፤ ለእኅቱ ከነበረው ፍቅር የተነሣ ካለው ዕቃ ምርጡን ሰጣቸው።

መከታ እየዳነ ይመስል ነበር። ጆሮው ጠገገ፣ ያገኘውን ይበላል፣ እታለምን ሲያይ ጅራቱ መሬቱን ይጠርጋል። አንድ ቀን ማለዳ ግን ከማዶ መርዶ መጣ፤ የእታለም አማት ሞቱ። እታለም ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው እያለቀሱ ሲወጡ እኛም ትልቅ ትንሹ ተከተልናቸው። በዚያ ግርግር የመከታን የጠዋት ወተት ያስታወሰ የለም።

ለቅሶው ቤት ደርሰን፣ ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ክብ ሠርተው ሳለ፣ ከበሩ በኩል ጩኸት ተነሣ። ዘወር ስል መከታ እንደ ሰበዝ ቀጥኖ፣ ከጭንቅላቱ እስከ ጅራቱ ውኃ እያንጠባጠበ፣ አንገቱ ላይ የተረፈችውን የመጫኛ ቁራጭ እየጎተተ ይመጣል። የተቀረውን በልቶታል። ሰዉ ካቡ ላይ ወጣ፤ ልጆች ተጮኸብን። እሱ ግን ማንንም ሳያይ በለቀስተኛው መሐል አልፎ እታለም እግር ሥር ተኛ።

“ተሻግሯል! ወንዙን ተሻግሯል!” አለ አንድ ሰው።

እታለም ተንበርክከው አፍንጫውን ዳሰሱት። ከዚያ ቀና ብለው ጠመንጃቸውን አንግተው ለቅሶ የመጡትን ጭቃ ሹም ተመለከቱ። “ጌታዬ፣ ያበደ ውሻ ውኃ ይፈራል ስትሉ አይደለም የኖራችሁት? ይኸው የክረምት ወንዝ በደረቱ ሰንጥቆ መጣ። ይህ ያበደ ነው?” አሉ።

ያኔ ልጅም ብሆን እታለም የረቱ መስሎኝ ነበር። ጭቃ ሹሙም ራሳቸውን ነቅንቀው፣ “እውነትሽን ነው አስካለ፣ ዛሬ አላበደም፤ በመሻገሩ ግን መድኃኒቱን ሽሮታል። ነገ ሲነሣበት የማንን ልጅ ይንከስልሽ?” አሉ። ጤነኛነቱን የመሰከረለት መሻገሩ ነው፤ የፈረደበትም ያው መሻገሩ ነው። እታለም ዙሪያቸውን የቆምነውን ልጆች አንድ በአንድ አዩንና ዓይናቸውን ወደ መሬት መለሱ።

አባቴ “እታለም፣ እርስዎ ይተዉት፣ እኔ እወስደዋለሁ” ቢላቸው “ሌላ ሰው አይከተልም” አሉት። በድንጋይ እንዳይመታ ብቻ ለመኑ። ከዚያ ወደ ገደሉ አፋፍ እሳቸው ከፊት፣ እሱ ጅራቱን እየቆላ ከኋላ፣ ጭቃ ሹሙ ደግሞ ራቅ ብለው ሄዱ። ጥይቱ ለቅሶው ቤት ድረስ ተሰማ። እታለም ሲመለሱ የመጫኛዋ ቁራጭ በእጃቸው ነበረች። ለአማታቸው ሊያለቅሱ ከክቡ ገቡ፤ ለማን እንዳለቀሱ ግን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ቤት ከተመለስን በኋላ ውሪት አመዱን ትታ መከታ ይተኛበት በነበረው ሣር ላይ መተኛት ጀመረች። እታለም ሣሩን መለወጥ አላቆሙም። አባቴ ሌላ ቡችላ ሊያመጣላቸው ቢል እምቢ አሉ። ወንዙንም ከዚያ ወዲህ አልተሻገሩም። ስለምን ሲባሉ “እሱ ያልፈጸመውን ቀን እኔ እፈጽምለታለሁ” ይሉ ነበር። ቀኑ ሲሞላ ይተዉታል ስንል ክረምቱ አለፈ፣ በጋው አለፈ፣ እኔም አድጌ ለትምህርት መሐል ሜዳ ገባሁ፤ እሳቸው ግን አልተሻገሩም። ልጃቸው ስትወልድ እንኳ ሕፃኗን አዝላ እሷ መጣች።

ማሰሪያው በመጣ በነጋታው ከልጅ ልጄ ጋር ቡችላዋን ልናስከትብ ሄድን። ሐኪሟ ወጣት ናት። መርፌው ቡችላዋ ዞር ብላ እስክታይ እንኳ አልቆየም። ዕድሜዬን ሙሉ የያዝሁትን ነገር ጠየቅኋት፤ ያበደ ውሻ ውኃ ይፈራል አይደል? “ኧረ የለም እማማ፣ ውኃ የሚፈራው የታመመው ሰው ነው። ውሻማ ታሞም ሊዋኝ ይችላል። ወንዝ መሻገሩም ምንም አያመጣበትም” አለችኝ። አመስግኛት ወጣሁ። እንዲህ ከሆነ እታለምም ጭቃ ሹሙም ተሳስተዋል፤ መከታ ጤነኛ ይሁን በሽተኛ የሚያውቅ ከእንግዲህ አይገኝም። ያቺን የመሰለች መርፌ በጊዜው ብትኖር ይህ ሁሉ ክርክር አያስፈልግም ነበር።

ሰሞኑን ለዘመድ ተዝካር ወደ መንዝ ወጣን። ወንዙ ዛሬ ድልድይ አለው፤ ቡችላዋ ጭኔ ላይ እንደተኛች በመኪና አለፍነው፣ ዓይኗንም አልገለጠች። እታለም የተቀበሩት ከወዲህኛው ደብር ነው፤ አያሻግሩኝ ብለው አባቴን አስምለውታል። ባላቸው ያረፉት ማዶ ነው፤ ከጎናቸው ለእታለም ተብሎ የተተወው ቦታ እስከ ዛሬ ባዶ ነው።