አያ ፈንታ ያነበቧት ፊደል

ባለፈው ሳምንት እዚህ እንጅባራ ጎረቤቴ የሆነው መምህር ሞተር ሳይክሉን በረንዳው ላይ ፈታትቶ፣ ስልኩን እያየ ሲታገል አገኘሁት። «እትዬ፣ ይቺ ቲ ናት ኤፍ? እስቲ ይዩልኝ» አለኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁለት። ቤቴ ስገባ ግን የድሮ አከራዬ አያ ፈንታ ትዝ አሉኝ።

በወጣትነቴ አዲስ ቅዳም ዙሪያ ከብት እያከምኩ እሠራ ነበር። መሥሪያ ቤታችን የነበረው አንድ ሞተር ብቻ ነው፤ እሱም በእኔ እጅ ነበር። ያን ጊዜ ሴት ሞተር ስትነዳ ማየት ብርቅ ስለነበር፣ ባለፍኩበት ሁሉ ገበሬው በሬውን አቁሞ ያየኛል። እውነቱን ልናገርና ደስ ይለኝ ነበር። ለኃላፊያችን ግን አልተዋጠለትም። የሞተሩ ቫልቭ መንኳኳት ሲጀምር ሰበብ አገኘ፦ «እስከ ሰኞ ካልተስተካከለ ለወንዱ ባልደረባሽ እሰጠዋለሁ።»

እኔም እልኸኛ ነኝ፤ «ራሴ እሠራዋለሁ» አልኩ። ሥልጠና ላይ ሲሠራ አይቻለሁ። ማየትና መሥራት አንድ መስሎኝ።

እሑድ ከሰዓት በተከራየሁበት ግቢ ጆንያ አንጥፌ ፈታሁት። የጥቅምት ፀሐይ ደስ ትላለች፤ ግቢው እርጥብ ሣር ይሸታል። አከራዬ አያ ፈንታ ሰንበት ስለሆነ ከእርሻ ቀርተው፣ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ እያጠቀሱ ያዩኛል። ቤታቸው የሚነገረው አገውኛ ነው። አማርኛ ማንበብ የተማሩት ጎልማሳ ሆነው በመሠረተ ትምህርት ነበርና፣ ፊደል በማወቃቸው ይኮራሉ። የዘይት ጀሪካን ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳይቀር ጮክ ብለው ነበር የሚያነቡት። «ብረት ማዞር ሰንበት አይሽርም» አሉና እጃቸውን ጠርገው መጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፒስተኑ ሲወጣና ሲወርድ የነዳጁና የጭሱ በሮች፣ ቫልቮቹ፣ ጊዜያቸውን ጠብቀው መከፈትና መዘጋት አለባቸው፤ ሁለቱን የምታስማማቸው አንዲት ካቴና ናት። ካቴናዋ ከወለቀች፣ ስትመለስ ፒስተኑ ጫፍ መድረሱን የሚያሳየው ምልክት ከአንዲት ጭረት ትይዩ መቆም አለበት። ምልክቱ ከታች በሚዞረው ብረት ላይ የተቀረጸ የፈረንጅ ቲ ነው። እኔ ካቴናዋን ከላይ ስለያዝኩ ታች ማየት አልቻልኩም።

«አያ ፈንታ፣ ቀስ ብለው ያዙሩልኝና ቲ ስትመጣ ይንገሩኝ።»

«ቲንማ መች አጣታለሁ!» ማዞር ጀመሩ። «አንዲት ፐ መጣች… አለፈች። ቲ ገና ናት።»

ፐ ሲሉ ሳቅሁ፤ ጨዋታ መሰለኝ። ጥቂት አዙረው «መጣች! ትንሽ ተንጋዳለች እንጂ ቲ ናት» አሉ። ካቴናዋ የምትጠመጠምበት የላይኛው ጥርስ ላይ ያለው፣ ቀጥ ማለት የነበረበት ምልክት ጥቂት ዘንበል ማለቱን አይቻለሁ። ይሁን ብዬ አሰርኩት።

ሰኞ ጠዋት ከቢሮ በፊት ልሞክረው አልኩ፤ ከብዙ እርግጫ በኋላ ተነሣ። እያሳለ ከከተማው ወጣና ዳገቱ ወገብ ላይ ቀጥ አለ። ከሰል የጫኑ ባለጋሪዎች እያዩኝ፣ እየገፋሁ ተመለስኩ። ከፍቼ ሳይ ከጭረቷ ትይዩ ያለችው፣ ከቲ አጠገብ ለሌላ ሥራ የተቀረጸችው ኤፍ ናት።

«አያ ፈንታ፣ ቲ ያሉኝ የቷን ነው?»

መሬቱ ላይ በጣታቸው የእኛን ቲ ከነእግሯ ጻፉልኝ። ኤፍን ገልብጦ ላያት እውነትም ትቀርባታለች። የፈረንጁን ቲ ደግሞ ፐ ብለው አንብበውልኝ አሳለፏት። ፐ እኮ ትመስላለች! የጠየቅኋቸውን ነው የፈለጉልኝ። የየትኛውን አገር ፊደል እንደምሻ ያልነገርኩ እኔ፤ ምልክቱ ዘንበል ብሎ እያየሁ ያሰርኩም እኔ።

አስተካክዬ ስጨርስ የሞተሩ ድምፅ ጠራ። ቢሮ ስደርስ ግን ረፍዶ ነበር። ኃላፊው በር ላይ ቆሟል፤ ያ ባልደረባዬም አጠገቡ።

«ስትገፊ ታይተሻል። ምን አደረግሽው?»

«እኔ አይደለሁም» አልኩ። «አከራዬ ፊደል ሳያውቅ አውቃለሁ ብሎ አበላሸብኝ። አሁን አስተካክዬዋለሁ።»

ሁልጊዜ እሳቸው የምላቸውን ሰው በዚያች ቅጽበት እሱ አልኳቸው። ቢሮው በሳቅ አውካካ። ቁልፉ እኔ ጋ ቀረ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በቅዳሜው ገበያ ሰዉ አያ ፈንታን «ሞተር አንባቢው» እያለ ሲስቅባቸው ዋለ። ማታ ቤታቸው ገብቼ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ያዙኝ።

«ተይው ልጄ። ሞተሩን ነጠቁሽ?»

«አልነጠቁኝም።»

«እንግዲያ ደግ ነው። እኔ ሞተር የለኝ፤ ምን ይነጥቁኛል?»

ከዚያ በኋላ እዚያ ግቢ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። አያ ፈንታ ጮክ ብለው ሲያነቡ ግን አልሰማሁም።

ዛሬ እሳቸው በሕይወት የሉም። በዚያ ሞተር ብዙ መንደር ደርሻለሁ፤ የስንቱን ገበሬ በሬ አድኛለሁ፤ በዚህ አልጸጸትም። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ያዋረድኳቸው በሰው ፊት ነው፤ ይቅርታ የለመንኳቸው ግን በጓዳ። ቢሮ ሄጄ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ለማለት አንድ ቀን ይበቃኝ ነበር፤ ሞተሩን እንዳልነጠቅ ፈራሁና ቀኑን ሳሳልፍ ዕድሜዬ አለፈ። ስለዚህ ቢዘገይም አሁን በሰው ፊት ልናገር፦ አያ ፈንታ ፊደል ያውቁ ነበር።