ከለገሃር እስከ አዳማ ያልተናገርኩት

አዳማ ሳለሁ አንደኛ ነበርኩ። ጉራ አይምሰላችሁ፤ ቄሱ ዘንድ ፊደል የምንቆጥረው ልጆች ስድስት ብቻ ነበርን። አባቴ ግን የቆዳ ነጋዴ ናቸውና ገበያ በዋሉ ቁጥር፣ ለሚሰማውም ለማይሰማውም፣ በአማርኛም በኦሮምኛም ያወሩታል። አዲስ አበባ ወዳለው አዳሪ ትምህርት ቤት በባቡር የሸኙኝ ዕለት እንኳ ለማያውቁት መንገደኛ ሁሉ "ልጄ ነው፤ እዚያም አንደኛ ነው የሚወጣው!" እያሉ መግቢያ አሳጡኝ።

ስደርስ ለካ ከየአገሩ የተሰበሰበው ሁሉ አንደኛ ኖሯል! አንደኛ ሆኖ የማያውቅ አንድ ልጅ ባገኝ ብዬ ብፈልግ ጠፋ። በመጀመሪያው ወር ሃያ ሦስተኛ ወጣሁ። ለአባቴ "ደኅና ነኝ፣ ምግቡም ደኅና ነው" ብዬ ጻፍኩና ስለ ቀረው ዝም አልኩ።

ምግቡ ደኅና ነው ያልኩትም ቢሆን ውሸት ነበር። ገበታ የምንቀርበው በውጤታችን ተራ ነው። ወጡ ከአንደኛው ገበታ ተነሥቶ ወደ ታች ይወርዳል፤ እኔ ካለሁበት ከሦስተኛው ሲደርስ ሥጋው አልቆ መረቁ ብቻ ይቀራል። የፈረንሳይኛ ግሥ ያላጠና ሥጋ አይበላም ማለት ነው። ያን ትምህርት ቤት እንዴት እንደ ጠላሁት! ደግሞስ እንዴት እንደ ወደድኩት! ነጭ አንሶላ አለ፣ የራሴ ሳሙና አለ፣ ከሰዓት በኋላ ኳስ አለ። እሑድ "ነገ ጥዬ እጠፋለሁ" እላለሁ፤ ሰኞ ፈረንሳዊው መምህራችን፣ ሙሴ የምንለው፣ ካርታውን ግድግዳው ላይ ሲዘረጋ መጥፋቱን እረሳዋለሁ።

አጠገቤ ያለው አልጋ ላይ የሚተኛው የወለንጪቲ ልጅ ነበር። ወለንጪቲ በባቡሩ ከአዳማ አልፎ ያለ ጣቢያ ስለሆነ በዚያ ሁሉ ባዕድ መካከል እንደ ዘመድ ተያየን። እሱ "የአዳማው" ይለኛል፣ እኔ "የወለንጪቲው" እለዋለሁ። ሲመጣ ከኦሮምኛ በቀር አያውቅም ነበር፤ በዓመቱ በአማርኛ ያሾፍብን ጀመር፣ በፈረንሳይኛውም ሁላችንንም ጥሎን ሄደ። ሁልጊዜ አንደኛ እሱ ነው። ከገበታ ሲነሣ ቁራጭ ሥጋ በእንጀራ ጠቅልሎ፣ አሳላፊው ሳያየው፣ በአጠገቤ ሲያልፍ በእጄ ያስጨብጠኛል። "እግዜር ይስጥልኝ" እያልኩ እበላለሁ፤ እየበላሁም እቀናለሁ። ጉድ እኮ ነው፣ ባጎረሰኝ ሰው መቅናት!

በሦስተኛው ዓመት እንደ ምንም ብዬ ሁለተኛ ደረስኩ። የቀረው የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ነው። ሙሴ በፈረንሳይኛ ያነባል፣ እኛ እየሰማን እንጽፋለን፤ አንደኛ የወጣ ጫፉ የወርቅ የሆነ ብዕር ይሸለማል። የመጀመሪያው ደወል መነሻ ነው፤ ሁለተኛው ሲደወል በሩ ይዘጋል፣ የዘገየ አይገባም። የወለንጪቲው ለፋሲካ አገሩ ሄዶ ወባ ይዞ ተመልሶ ነበርና በፈተናው ዋዜማ ተነሣበት። ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫው ስቦ፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ፣ "የአዳማው፣ ብሞትም ቀስቅሰኝ፤ አንተ ከደገፍከኝ እሄዳለሁ" አለኝ።

"አይዞህ፣ እኔ እያለሁ!" አልኩት።

ሲነጋ ደወሉ ተደወለ። ልጆቹ ፊታቸውን ሊታጠቡ ሮጡ። ወደ አልጋው ጠጋ ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ተሸፋፍኗል። "ምስኪን፣ ታሟል፤ ቢተኛ ይሻለዋል" አልኩ ለራሴ። እንዲያ አዛኝ ሆኜ አላውቅም! እጄን ሰበሰብኩና ሄድኩ።

አንደኛ ወጣሁ።

ከሳምንት በኋላ፣ እሱም አገግሞ፣ ክረምቱን አገራችን ልንከርም አብረን ተሳፈርን። ብዕሩ ደረት ኪሴ ውስጥ ነው። "ቀስቅሰኸኝ ነበር ወይ?" ብሎ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀኝም፤ ቢጠይቀኝ በተገላገልኩ። አዳማ ሳልወርድ ልነግረው ቆርጫለሁ። ለገሃር ላይ "አቃቂ ስንደርስ" አልኩ። አቃቂ ላይ አንዲት ሴትዮ ከነዶሮዋ መሐላችን ገብታ ተቀመጠች። ዱከም ላይ እሱ ስለ ላሞቻቸው ያወራልኝ ጀመር፣ እንዴት ብዬ ላቋርጠው? ቢሾፍቱ ላይ እንቅልፍ ወሰደው፤ እሱን ከእንቅልፉ መቀስቀስ እንደሆነ ልማዴ አይደለም። ሞጆ ላይ ነቅቶ በመስኮት የተቀቀለ እንቁላል ገዛና ትልቁን ለእኔ ሰጠኝ። ልጬ በእጄ ይዤው ቀረሁ።

"ምነው የአዳማው፣ ዝም አልክ?"

"ሆዴን ነው" አልኩት።

አዳማ ደረስን። አባቴ አዲስ ጋቢ ለብሰው፣ አራት የገበያ ወዳጆቻቸውን አስከትለው ቆመዋል። ገና እግሬ መሬት ሳይረግጥ "ስንተኛ?" አሉ። ይሄኔ የወለንጪቲው በመስኮት ብቅ ብሎ "አንደኛ ነው አባባ! እኔንም በለጠኝ!" አለ። አባቴ "ተመስገን!" ብለው ወደ ወዳጆቻቸው ዞሩና በኦሮምኛ ቀጠሉበት።

ባቡሩ ውሃ እስኪሞላ ቆየት ይላል። ወደ መስኮቱ ተመለስኩ።

"አልቀሰቀስኩህም" አልኩት። "ሆን ብዬ ነው። እጄን ዘርግቼ ነበር..."

"አውቃለሁ" አለኝ። "ነቅቼ ነበር። እግሬ አልቆም ብሎኝ እጅህን ስጠብቅ ነበር።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምናለ! ብዕሩን ከኪሴ አውጥቼ በመስኮቱ አቀበልኩት። እጄን መለሰው።

"ያዘው" አለ። "የዛሬ ዓመት ራሴ እወስደዋለሁ።"

ባቡሩ ጮኸና ይዞት ሄደ። ለአባቴ የዚያኑ ዕለት፣ ቤት እንደ ገባን ነገርኳቸው። እስክጨርስ አላቋረጡኝም። ሳበቃ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ እያስተካከሉ "አሁን እኔ ለገበያው ሰው ምን ልበል?" አሉ። ያን ክረምት ስለ እኔ በሁለቱም ቋንቋ ዝም አሉ።

ከመስቀል በኋላ ትምህርት ቤት ተመለስን። አልጋዎቻችን እንደ ቀድሞው ጎን ለጎን ናቸው፤ ሰላምታ እንሰጣጣለን፣ ከዚያ አያልፍም። የመጀመሪያው ፈተና ቀን፣ ደወሉ ሳይደወል፣ አንድ እጅ ትከሻዬን ይዞ ይነቀንቀኛል።

"ተነሥ የአዳማው! ተኝተህ አልበልጥህም።"

እሱ አንደኛ ወጣ። እኔ አሥራ አንደኛ ወጥቼ ወደ ሁለተኛው ገበታ ወረድኩ። ከምሳ ሲነሣ በአጠገቤ አለፈ። ሳላስበው እጄን ዘርግቼ ኖሮ ባዶዬን ቀረሁ። እውነቱን ልናገር፣ አለቀስኩ። በሚቀጥለው ፈተና ጠዋት ግን ደግሞ ቀሰቀሰኝ።