ሞተሩን የማያጠፋው ሰውዬ

በሱዳኗ ከሰላ ከተማ ሻይ የምትሸጠው ናፊሳ እንደዚህ ሰውዬ የምትንቀው ደንበኛ የላትም። በናፍጣ የሚሠራ አሮጌ የጭነት መኪናውን አፍንጫዋ ሥር ገትሮ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ይወርዳል። ሞተሩ እንደ ሰከረ ከበሮ መቺ ይደልቃል፤ ጭሱ ብርጭቆዎቿን ያጠቁራል። የጀላቢያ ቀሚሱ ነጭነት የሚታወቀው እጥፋቱ ውስጥ ብቻ ነው። ተቀመጥ ቢሉት አይቀመጥም፤ አንድ እጁን መኪናው ላይ ጥሎ፣ ቆሞ እየጠጣ፣ ሻይ ሊጠጡ የተቀመጡትን በቤንዚን የሚነዱ ባለታክሲዎች ይዘልፋል።

«ቤንዚን የሠርግ ዘፈን ነው፤ ሲነጋ የለም። ናፍጣ ግን ባለቤቱን ይቀብራል!»

«እንግዲያው ሐጂ፣ እስኪ አጥፋውና መልሰህ አስነሣው!» አለው ዛሬ ባለታክሲው አደሮብ።

ሰፈሩ በሳቅ ተናጋ።

«ለቤንዚን ሰው ትርኢት አላሳይም» አለ ሰውዬው፣ ዓይኑን ብርጭቆው ውስጥ ደብቆ።

ናፊሳም ልትስቅ ስትል ጉልበቶቹን አየች። ከሞተሩ ጋር አብረው ይንቀጠቀጣሉ። መኪናው አንዴ ከጠፋ እንደማይነሣ ሁሉም ያውቃል፤ እሱም አንዴ ከተቀመጠ እንደማይነሣ የገባት ግን አሁን ነው።

«ጉረኛ!» አለች በልቧ። ሁለተኛውን ሻይ ግን እንደ ወትሮው «ና ውሰድ» አላለችውም፤ እስከቆመበት ሄዳ ሰጠችው።