ጠበቃ የቆመልኝ ቀን

ዳኛው «ጠበቃ አለሽ?» ሲሉኝ የሰደቡኝ መሰለኝ።

ቃሉ እንግዳ ሆኖብኝ አልነበረም። ጎጃም፣ እኛ ቤት፣ አባቴ እህቴን ሲቆጣት በእሷ ፋንታ ከመለስኩ «አንቺን ማን ጠበቃ አቆመሽ?» ይለኝ ነበር። ጠበቃ ለእኔ ባልተጠራበት ጥልቅ የሚል ሰው ነው። ካደግሁም በኋላ፣ በሰፈራችን እገሌ ጠበቃ ያዘ ከተባለ «አንድ ነገርማ ሳያጠፋ አይቀርም» ነው የሚባለው። ንጹሕ ሰው ለራሱ ይናገራል ብዬ ነው የኖርኩት።

«የለኝም፣ ጌታዬ» አልኩ።

ለማቆም አቅም እንዳለኝ ጠየቁኝ። የለኝም አልኩ። ተከላካይ ጠበቃ እንዲመደብልኝ አዘው ለሳምንት ቀጠሩኝ።

ክሱ በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስ ይላል። ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ዛፍ ባጠላበት መንገድ ዳር፣ የአንድ መዋዕለ ሕፃናት ሞግዚት ነበርኩ። የዥዋዥዌው ሰንሰለት ተበጥሶ የአራት ዓመት ልጅ ወደቀና ክንዱ ተሰበረ። እኔ ሁለት እርምጃ ራቅ ብዬ የሌላ ልጅ ጫማ እያሰርኩ ነበር። እናቱ ሐኪም ቤት ስትደርስ እግሯ ላይ ወደቅሁ፤ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ስለ ፈጣሪ ይቅር በይኝ» አልኳት። ባደግሁበት አገር ሰው ሲጎዳ ቅርብ የነበረ ሁሉ ይጎነበሳል፤ ማን እንዳጠፋ የሚጣራው ኋላ፣ በሽማግሌ ፊት ነው። እናቲቱ የሰማችውን ለፖሊስ ተናገረች። ፖሊሱ «ብለሻል?» አለኝ። «ብያለሁ» አልኩ። ጻፈው።

አከራዬ ከቢዮ አዋሌ ገጠር የመጡ አሮጊት ናቸው። «አዮ» እላቸዋለሁ፤ በቋንቋቸው እናቴ እንደማለት ነው።

«አቡካቶ ሰጡሽ?» አሉኝ። ጠበቃን እንዲያ ነው የሚጠሩት።

«ሊመድቡልኝ ነው። ግን አዮ፣ ውሸት ቢያናግረኝስ?»

«አቦ ተይ! አንቺ ውሸት ብትሞክሪስ መች ታውቂበታለሽ? ሹሮ ሲያርብሽ እንኳን ጎረቤት ዞረሽ የምትናዘዢ!» ሳቁ። «ወላሂ፣ አቡካቶ የሚያስፈልገው ላንቺ ዓይነቱ ነው። ሌባውማ ምላስ አለው።»

እኔ አልሳቅሁም። ያን ሳምንት ዳዊት ስደግም መስመሩ ይጠፋኝ ነበር። ብታሰር በዚህ ከተማ ስንቅ የሚያቀብለኝ ዘመድ የለኝም። ለእናቴስ ማን ይነግራታል? ምን ብሎ?

በቀጠሮው ጠዋት ጠበቃዋ ፍርድ ቤቱ ግቢ አገኘችኝ። በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች፤ ጥቁር ካባዋን ክንዷ ላይ ጣል አድርጋዋለች። የሆነውን አንድ በአንድ ንገሪኝ አለች። ነገርኳት። በመጨረሻ ለማንም ያላወጣሁትን አወጣሁ። ያን ዕለት ጠዋት ሰንሰለቱ ሲጥ ሲጥ ሲል ሰምቼ ነበር፤ ዘይት አንሶት ነው ብዬ አለፍኩት።

እስክሪብቶዋን አቆመች።

«ከጠየቁሽ እውነቱን ትመልሻለሽ። ውሸት አላናግርሽም። ካልጠየቁሽ ግን እየተነሳሽ ራስሽን አትክሰሺ። ከሳሽ አለሽ እኮ፤ ሥራውን አትሻሚው!»

«ዝም ማለቱ ኃጢአት አይሆንብኝም?»

«እሱን ለንስሐ አባትሽ። እዚህ እኔ ነኝ ያለሁት።»

እናቲቱ ለምስክርነት ቆማ ያልኳትን ቃል በቃል ደገመችው። ድምፅዋ ሲሰበር ሳላስበው ብድግ አልኩ፤ ልጎነበስ፣ እንደገና ይቅር በይኝ ልል። ጠበቃዋ የነጠላዬን ጫፍ ይዛ ወደ ታች ሳበችኝ።

«ቁጭ በይ» አለች በሹክሹክታ። «ተራው የእኔ ነው።»

ከዚያ ተነሳች። «ጥፋቱ የእኔ ነው ስትልሽ፣ ምን እንዳጠፋች ነግራሻለች?»

«አልነገረችኝም። ታለቅስ ነበር።»

«ልጅሽ ሲወድቅ አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«የዚያን ቀን ሌላ ይቅርታ የጠየቀሽ ሰው ነበር?»

እናቲቱ ትንሽ አሰበች። «ዳይሬክተሯም፣ ዘበኛውም... ወላሂ፣ ያመጣኝ የባጃጅ ሾፌር ሳይቀር ይቅርታ ብሎኛል።»

ከኋላ የታፈነ ሳቅ ተሰማ። ጠበቃዋን ቀና ብዬ ሳያት ጠበቃ የሚለው ቃል ያኔ ገባኝ። ንጹሕ ናት ብላ አልማለችልኝም፤ እንዲያውም የሰማሁትን ታውቃለች። የቆመችው ያልኩት ነገር ካልኩት በላይ እንዳይሄድብኝ ነው። እኔ ፈሪዋ፣ ለዚያ ሥራ አንድ ሰው እንዳለ ሳላውቅ ነው ያረጀሁት።

ዐቃቤ ሕጉ ሌላ ምስክር አልነበረውም። ከሰዓት በኋላ ዳኛው «ተከሳሽ መከላከል ሳያስፈልጋት በነፃ ትሰናበት» አሉ። ስለ ሰንሰለቱ ድምፅ ማንም አልጠየቀኝም።

ጠበቃዋ ሌላ መዝገብ ይዛ ወደ ሌላ ችሎት ሮጠች። በሩ ላይ እናቲቱ ልጇን ይዛ ባጃጅ ትጠብቃለች፤ ክንዱ ገና በጀሶ ነው። ከዳኛው ይልቅ እሷን ፈራሁ። ቀረብኳት። ሳልጎነበስ «ያን ዕለት ጠዋት ሰንሰለቱ ሲጮህ ሰምቼ ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩም» አልኳት።

አፍጥጣ አየችኝ። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ሌላኛውስ?» አለች።

«ምኑ?»

«ሌላኛው ዥዋዥዌ ነዋ! እሱም ይጮሃል?»

«አላውቅም። ከሥራ ካገዱኝ ወዲህ ግቢውን አልረገጥኩም።»

ባጃጅ አስቆመች፤ ልጁን አስገብታ እሷም ገባችና ጠጋ አለች። «ግቢ» አለችኝ፣ ፊቷ እንደተቋጠረ። «አሁኑኑ ሄደን እንሰማዋለን።»

ገባሁ። ልጁ በመሐላችን ነበር። መንገድ ላይ ሰዓቴን አየሁና ልጆቹ ለጨዋታ የሚወጡበት ሰዓት መሆኑን ሳውቅ ሾፌሩን «እባክህ ወንድሜ፣ ፍጠን» አልኩት።