ብርሃን የማሳደር ሙያ

ከሊማሊሞ ገደል ማዶ፣ ድብ ባሕር በተተከለ ድንኳን ውስጥ፣ በሥራ ባልደረባዬ ለቅሶ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ አልቃሿ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ፣ "ሥራው ምን ነበር? እናቱ 'የብርሃን ነገር ነው' ከማለት በቀር አታውቀው" አለችኝ። ገበሬ ቢሆን በበሬው፣ ቄስ ቢሆን በቅዳሴው ታነሣው ነበር።

እኔና እሱ ጎንደር ውስጥ በአንድ ጠባብ ቢሮ የምንሠራ የፊዚክስ መምህራን ነበርን። የምንመራመረው በግራፊን ላይ ነው፤ ውፍረቷ አንድ አቶም ብቻ በሆነ የካርቦን ንጣፍ። ብርሃን ሲያርፍባት ኤሌክትሪክ ስለምትሰጥ ብርሃን የሚለይ መሣሪያ ይሠራባታል። ችግሯ ስስነቷ ነው፤ የመጣው ብርሃን አብዛኛው ሳይያዝ አልፏት ይሄዳል። እኛም ከፀጉር ውፍረት እጅግ ያነሱ የወርቅ ቅርጾችን በኮምፒውተር ላይዋ ላይ እየደረደርን፣ ብርሃኑን ይዞ የሚያቆይ አደራደር እንፈልግ ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር የሳምንት ስሌት ገደል ይገባል። እኔ ስነጫነጭ እሱ ይስቃል። "ብርሃን የመሸበት እንግዳ ነው፤ ከደጅ አትመልሰው፣ አሳድረው!" ይለኛል። ስሌቱ ሲያምር ደግሞ "ዛሬስ አደረ!" ብሎ ጠረጴዛውን ይመታል።

በሞተበት እሑድ እናቱን ሊጠይቅ ድብ ባሕር እንደሄደ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ደወለልኝ። "የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ጉም ሸፍኖታል። አድሬ ነገ ልምጣ?" አለኝ። የምርምር ጽሑፋችንን በማግሥቱ ማለዳ ለመጽሔት መላክ ነበረብን፤ የመጨረሻው ስሌት ያለው በእሱ ላፕቶፕ ነው፣ እዚያ ኢንተርኔት የለም። እኔ ቁጡ ሰው ነኝ። "አትደር! አሁኑኑ ተነሥ" አልሁት። ሳቀና እሺ አለኝ። የተሳፈረባት ሚኒባስ ጠመዝማዛው ላይ ገደል ገባች።

ለአልቃሿ ሌላ ቃል አጣሁላት። "ሥራው ብርሃን ማሳደር ነበር" አልኋት።

"ሸጋ ሙያ ነው" አለችና ወደ መሐል ገባች።

"ብርሃን አሳዳሪ፣ እንግዳ የምትሸኝ፣
አንተን የሚያሳድር ምነው ሰው ሳይገኝ!"

ድንኳኑ በለቅሶ ተናወጠ። እናቱ ደረቷን እየመታች ተነሣች። "ኧረ እኔ አልጋውን አንጥፌለት ነበር! በስልክ ሲያወራ ቆይቶ ነው ብድግ ያለው። አትደር ያለው ማነው?"

ሴቶቹ ይዘው አስቀመጧት። ወደ ማታ ሰዉ ሲቀንስ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። "አንተ ጓደኛው ነህ። አትደር ያለውን ታውቀው ይሆን?"

"አላውቅም፣ እናቴ" አልሁ። ዋሸሁ፤ ዓይኗን ማየት ፈራሁ።

እጄን ያዘችኝ። "መሽቶብሃል፣ ልጄ። መንገዱ አይታመንም፤ እዚሁ እደር" አለችኝ።

ለእሱ ያነጠፈችው አልጋ ላይ አደርሁ።